ከቤት ያልወጣችው ነጥብ

ኮታ ባሩ ገበያ ፎቅ ላይ ወጥቶ «መክ ሴናህ የታለች?» ብሎ የጠየቀ ሰው (መክ እኛ ዘንድ እትዬ እንደ ማለት ነው) ከሁለት መልስ አንዱን ያገኛል። ወይ «ያቻትና፣ ጨርቋ መሃል ተቀምጣለች» ይሉታል፣ ወይ «ሳይጎን ሄዳለች» ይሉታል። ሦስተኛ መልስ አልነበረም። አሟት ተኝታለች፣ ደክሟት ቤት ውላለች የሚባል ነገር እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ያውም ከመደቧ ጎን ቡዱ ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ቡዱ የተብላላ የዓሣ መረቅ ነው፤ ይሸታል፣ እኔም አልክድም። የሷ ደግሞ ሐር ነው። ስንቱ ጨርቅ ነጋዴ «ይቺን ኤሳህን ከአጠገቤ አንሱልኝ፣ ሸቀጤ ዓሣ ዓሣ አለብኝ» ብሎ ሲከሰኝ፣ እሷ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም። ስለዚህ ስለ መክ ሴናህ ክፉ የሚናገር ካለ በቅድሚያ እኔ ጋ ይምጣ።

እኛ የገበያ ሴቶች ድንበር ስንሻገር የራሳችን ወግ አለን። ከኮታ ባሩ ተነስተን፣ ድንበራችን ላይ ያለውን የጎሎክን ወንዝ ተሻግረን ታይላንድ እንገባለን፤ ከዚያ በባቡር ባንኮክ፣ ከባንኮክ ካምቦዲያ፣ ከካምቦዲያ ሳይጎን። ጥሩ ጨርቅ ያለው እዚያ፣ ቻም የሚባሉት ሙስሊሞች ጋ ነው። እኔም ሸክሟን ላግዛት አብሬያት እሄዳለሁ። በየድንበሩ ታዲያ ሲም ካርድ መቀየር አለ። መክ ሴናህ ከሻሿ ላይ ስፒሏን ትነቅላለች፤ በስፒሉ ጫፍ የስልኳን ጎን ትወጋና ያለቀውን አገር ሲም ታወጣለች፤ «ቢስሚላህ» ብላ የሚቀጥለውን ታስገባለች፤ ስፒሉን መልሳ ሻሿ ላይ ትሰካለች። ያለቀ አገር ሲም ስልክ ውስጥ የተወች ሴት ሞኝ ናት። ወንዝ ዳር ተቀምጦ የማዶውን አንቴና እየጠባ የስንቷን ሒሳብ ሙልጭ አድርጎ የበላ ስልክ አለ! ሕጋችን አንድ ነው፦ አገሩ ካለቀ ሲሙ ይውጣ።

ስልኩ ደግሞ ለሷ ጌጥ አይደለም። ሳይጎን ገበያ መሃል ትቆምና ጨርቁን አንድ በአንድ እያነሳች በላይቭ ትሸጣለች። ኮታ ባሩ ያሉት ደንበኞቿ ቤታቸው ቁጭ ብለው «አረንጓዴው የኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ!» እያሉ ይጽፋሉ። እሷም «አንቺ ባለፈው አረንጓዴ ወስደሽ፣ ሰርግ ላይ ያን ያገራችንን ሰማያዊ ሩዝ ደፍተሽበት አይደል?» ትላታለች፣ ሰዉ ሁሉ ይስቃል። ለዚህ ሁሉ ዳታ ያስፈልጋል።

ጣጣው የመጣው ከአንዲት ሲም ነው። ከኢዱ በፊት በነበረው ጉዟችን የካምቦዲያውን ሲም ባቡር ላይ ልታዘጋጅ ስትል ባቡሩ ነቀነቃትና፣ ሲሟ ከጣቷ አምልጣ በወለሉ ስንጥቅ ገባች። ካምቦዲያን እስክናቋርጥ ሁለት ቀን ድምጿ ጠፋ። ኳላ ላምፑር ያለው ልጇ ራሽዳን ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፣ ኤምባሲ ደወለ፣ ሆስፒታል በሆስፒታል አስጠየቀ። እሷ በበኩሏ ጨርቋን ተሸክማ፣ ጣፋጭ ይዛ፣ እየሳቀች መጣች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ሌሎቹ ልጆቿ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ጣፋጩን በሉ፣ ራሽዳን ግን አልበላም።

በኢዱ ዕለት ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ተነሳ። እኔም ቡዱ ይዤ ሄጄ ነበርና ዐይኔ እያየ ነው።

«እማዬ፣ ይበቃሻል» አላት። «መደቡን ዝጊና እኔ ጋ ኑሪ። ሚስቴን ከፈታሁ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፣ ሰፊ ቤት ነው። ሊፍት አለ፣ ጥበቃ አለ። ምን ይጎድልሻል?»

«መሬት» አለችው። «አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን መሬት አለ?»

«ቀልዱን ተይው! ያን ሁለት ቀን እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? ሞተሽ ነበር የመሰለኝ!»

ድምፁ ተሰበረ። ልጁ ይወዳታል፣ ይኼን አልክድም። እሷም ልቧ ራራ፣ ፊቷ ላይ አየሁት። ግን ራርታ የምትሸነፍ ሴት አይደለችም።

«ታዲያ የማይጠፋ ስልክ ስጠኛ፣ አንተ የተማርከው!»

«አለ» አለ ራሽዳን፣ ልክ ይቺን ሲጠብቅ እንደኖረ። «ኢ-ሲም ይባላል። ካርድ የለው፣ አይወድቅ፣ አይቀየር። እስከ ሳይጎን ድረስ ለሦስቱም አገር አንዱ ይበቃል። ሎኬሽንሽንም እከፍተዋለሁ። የትም ብትሆኚ እኔ ስልክ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆነሽ ትታዪኛለሽ።»

«እኔ? ነጥብ?»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ተነስታ ቆመች።

«እሺ። ሁላችሁም ስሙ። በሚቀጥለው ጉዞ ይቺ ነጥብ አንዴ ከጠፋች፣ መደቤን ዘግቼ እሱ ቤት እገባለሁ። ካልጠፋች ግን ስለኔ እግር ሁለተኛ አፉን የሚከፍት ሰው እንዳይኖር። አንተም፣ እናንተም፣ የሰፈሩ ኢማምም ቢሆኑ!»

ወይ ጉድ! ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቀሚሷን ብጎትት፣ ባይኔ ብጠቅሳት፣ ማን ይሰማኛል።

እንደተባለው ኢ-ሲሙን ጫነላትና ሄድን። ጎሎክ ላይ በስፒሏ የአገራችንን ሲም አውጥታ ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ ጀምሮ ነጥብ ሆነች፤ የእኛም ሰላም እዚያው አከተመ። ባቡሩ ገና ሳይሞቅ ራሽዳን ይደውላል። «እማዬ፣ ለምን ቆምሽ?» «ባቡሩ ነዋ የቆመው!» ባንኮክ ገብተን ሩዝ ስንበላ ይደውላል። «እማዬ፣ እዚያ ጠባብ መንገድ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» በኋላ ደግሞ ጣቢያው መጸዳጃ ቤት ገብታ ስልኩ ጮኸ። እኔ ውጭ ቆሜ እሰማታለሁ። «አዎ፣ አልተንቀሳቀስኩም! ምን ላድርግ፣ ከነጥቤ ጋር ልሩጥልህ? ባክህ ልጄ፣ አባትህ እንኳን ነፍሱን ይማረውና እዚህ ድረስ ተከትሎኝ አያውቅም!» ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ማላይኛ ባያውቁም ነገሩ ገብቷቸው ሳቁ።

ስትወጣ ግን ፊቷ ከስሎ ነበር። «ኤሳህ፣ ፍየል እንኳን ታስራ ስትውል ገመዷን ታየዋለች» አለችኝ። «የኔ አይታይም።»

«ቻይው። ብቻ ሳይጎን ደርሰን እንመለስ፣ ነጻ ትወጫለሽ።»

«እችለዋለሁ» አለች። ችላም ነበር፣ ፖይፔት ባትመጣ ኖሮ።

ፖይፔት የካምቦዲያ ድንበር ናት። ከታይላንድ በኩል ወረፋ ይዘን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ ፓስፖርታችን ላይ ማኅተም አስመትተን ወጣን። ወጥተን ጥላ ሥር እንደቆምን እጇ ወደ ሻሿ ሄደ፣ ስፒሏን ነቀለች። የልማድ ነገር! የስልኩን ጎን ብትወጋ ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን አሁንም የታይላንዱ ኔትወርክ ስም ተጽፏል። «አሃ፣ ይቺ በውስጥ ነው የምትወጣው» አለች። ስልክ ታውቃለች፤ ላይቭ የምትሠራ ሴት ሴቲንግ አይጠፋትም። ገባች፣ ፈለገች፣ አገኘችው። «አስወግድ» የሚለውን ነካች። ስልኩም «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ይኼ ነው የገደላት። ሦስት ቀን ሙሉ ልጇ የት ነሽ፣ ለምን ቆምሽ፣ እርግጠኛ ነሽ ሲላት ሰንብቶ፣ አሁን ደግሞ ስልኩ!

«እኔን ነው እርግጠኛ ነሽ ወይ የምትለኝ? አንተ ሳትወለድ ይኼን ድንበር የተሻገርኩ ሴት ነኝ!» አለችና በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

ጠፋ። ኔትወርኩ ጠፋ፣ ዳታው ጠፋ። ነጥቧም ጠፋች። እኔ ያኔ የያዝኩት ባለቁልፍ ስልክ ደግሞ ከጎሎክ ወዲህ ከባትሪ መብራት በቀር ሥራ የለውም።

እዚያው አጠገብ አንዲት የቻም ሴት ምግብ ቤት አላት። ገብተን በሷ ዋይፋይ ራሽዳን ኢ-ሲሙን የጫነበትንና ለሷም የላከላትን ኪውአር ኮድ መልሰን ሞከርን። ስልኩ «ይኼ ኮድ ከዚህ በፊት አገልግሏል» አለን። ደገምነው፣ ያንኑ አለን። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። መክ ሴናህ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ስሚኝ» አልኳት በሹክሹክታ። «እዚህ ዋይፋይ ላይ ሎኬሽኑን እንክፈተው፣ ነጥቧ ትመለሳለች። ሌላ ኢ-ሲም እንገዛለን። ዋሻ ውስጥ ገብተን ነበር እንለዋለን።»

«የምን ዋሻ? ከባንኮክ እስከዚህ ጉብታ እንኳን አይተሻል?»

«እንግዲያው ባትሪ ዘጋ እንበለዋ!»

«ኤሳህ» አለችኝ፣ ቀና ብላ። «ዋሽቼ ነጻ ከምወጣ፣ እውነት ተናግሬ ብታሰር ይሻለኛል። በሰው ፊት ነው የተናገርኩት። ደውይለት።»

ደወልን። ገና ሳይጠራ አነሳው።

«እማዬ! የት ገባሽ? ነጥቡ ጠፋኮ!»

«በገዛ እጄ አጠፋሁት። ታይላንድ አለቀ ብዬ አወጣሁት።»

በረዥሙ ተነፈሰ፣ ከዚያ ሳቀ። ሳቁ የእፎይታ ነው፣ ቢሆንም እኔን አናደደኝ። «እንግዲህ ቃል ቃል ነው፣ እማዬ» አላት።

«ማን እንቢ አለህ? ስመለስ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ። አሁን ደግሞ የኔን ስማ። አንተ መንገድ ላይ እግሬን ባነሳሁ ባስቀመጥኩ ቁጥር ልወቅ አልክ። ቤትህ ስገባም እወቅ። ቤት ውስጥ ልኑር አልኑር ያላወቅህ ቀን ግን፣ ቃሌ ቀሪ ነው። መደቤን እከፍታለሁ።»

«ኧረ እማዬ! ባንድ ጣራ ሥር እየኖርን እንዴት አላውቅም?»

«እሺ በል።»

«እሺ፣ እሺ! ቃሌ ነው!»

ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። ሌላ ኢ-ሲም ልግዛልሽ ብላት «ለምኔ? አንዴ ተሸንፌአለሁ። ከዚህ እስከ ሳይጎን፣ ከሳይጎን እስከ ቤቴ ማንም አያየኝም» አለች። በዚያ ጉዞ የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ በፊት አልሳቀችም። አውቶቡስ በአፋችን ጠየቅን፣ ማረፊያ በአፋችን ጠየቅን። ሳይጎን ላይቩ ቀረ፤ ጨርቁን ግን ማን ምን ቀለም እንደምትወድ በቃሏ እያስታወሰች ገዛች። አንዷንም አልሳተችም።

ተመልሰን መደቧን ስትዘጋ ገበያው ሁሉ ተሰብስቦ አየ። ሴቶች አለቀሱ። እሷ ግን ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጣ «ቡዱሽን ጨርቄ ቦታ እንዳትደረድሪ፣ እመለሳለሁ» አለችኝ። እኔ የልብ መጽናኛ መስሎኝ «ኢንሻ አላህ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ መክ ሴናህ የታለች ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሦስተኛው መልስ ተገኘ፤ «ልጇ ጋ ናት።» ይቺን ቃል ስናገር ምላሴን ያቃጥለኝ ነበር።

እኔም ለሷ ስል ዘመናዊ ስልክ ገዛሁ። በየቀኑ እንደዋወላለን። «ምን ትሠሪያለሽ?» እላታለሁ። «ሊፍቱን ወጥቼ ወረድኩበት» ትለኛለች። ራሽዳን ሰው ሳይነሳ ይወጣል፣ እሷ ከተኛች በኋላ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን እራት ሠርታ ከድና ትጠብቀው ነበር፤ ጠዋት ሳህኑ እንደተከደነ ታገኘዋለች። «ቢሮ በልቼ ነው፣ እማዬ» የሚል መልእክት ስልኳ ላይ ይመጣል። መልእክት! ከአንድ ግድግዳ ማዶ! ቤቱ እንደገባች የስልኳን ሎኬሽን መልሶ ከፍቶት ነበርና፣ አንድ ቀን በሥራ መሃል ደውሎ «ነጥብሽን አየኋት፣ ቤት ነሽ፣ ደስ አለኝ» አላት። ይኼን ስትነግረኝ ድምጿ እንደ ድሮው ሆነ፤ ሊቆጣ የተነሳ ድምፅ።

«ኤሳህ፣ ሳይጎን መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ያላንቺ? እኔ ቡዱ ሻጭ ሳይጎን ምን አለኝ?»

«በይ ባንኮክ ጣቢያ ጠብቂኝ። ሌላ ስልክ ገዝቻለሁ።»

«ቃልሽስ?»

«ቃሌን አላፈረስኩም። የሱን ቃል ልለካ ነው።»

እኛ አገር ሰው ቤት መኖሩን የሚናገረው ደጃፍ ላይ አውልቆ የሚተወው ጫማ ነው። ልጅ እንኳን ከትምህርት ቤት ሲመጣ አስቀድሞ ጫማ ያያል፤ ያባቱ ካለ ቀስ ብሎ ይገባል፣ የናቱ ከሌለ ወጥ ቤት ገብቶ ይዘርፋል። መክ ሴናህ ያን ልጇ ነጥቧን የሚያይበትን የድሮ ስልኳን ትራሷ ላይ አስቀመጠችው፤ ባትሪው እንዳያልቅ ቻርጀሩን ሰካችለት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ያለውን አረንጓዴ ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ፣ በሩን ዘግታ ሄደች። አልደበቀችም፣ አልዋሸችም። ዐይን ላለው ሰው ባዶው ቦታ እዚያው ደጃፉ ላይ ነበር።

አዲሱ ስልኳ ላይ በራሷ እጅ ኢ-ሲም ጭናለች። ፖይፔት ስንደርስ፣ ወላሂ፣ እጇ አሁንም ወደ ሻሿ ሄደ። በግራ እጇ ቀኝ እጇን ጥፊ አለችው። «ተቀመጥ! ይኼኛው አይወጣም፣ ራሱ አገር ይቀይራል!» ትንሽ ቆየና ስልኩ የካምቦዲያን ኔትወርክ ያዘ። እኔ እልል አልኩ፣ የድንበር ጠባቂው ገላመጠኝ።

ሳይጎን እንደገባን ገበያው መሃል ቆመች፣ እኔ ስልኩን ያዝኩላት፣ ላይቩ ተከፈተ። ገና «አሰላሙ ዐለይኩም» ስትል ኮታ ባሩ ተነቃነቀ። «መክ ሴናህ ናት?» «ከየት መጣች?» «ልጇ ለቀቃት?» የሚጻፈው ከዐይኔ ቶሎ ይሮጣል። እሷ ጨርቅ ታነሳለች፣ ታወድሳለች፣ ትሳደባለች። ላቧን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ያን ቀን አሥር ዓመት ነው የቀነሰችው።

ድንገት የራሽዳንን ስም አየሁ። ክው አልኩ።

«መክ» አልኳት፣ «ራሽዳን ነው።»

«አንብቢው። ጮክ ብለሽ።»

«‹እማዬ፣ ይኼ የድሮ ላይቭ ነው?› ይላል።»

«የዛሬ ነው በይው። ክፍሌ ገብቶ ይይ።»

ጠበቅን። እሷ አንድ ሐምራዊ ጨርቅ አጥፋ አኖረች። ከዚያ ጻፈ። እኔም አነበብኩ፦ «‹ስልክሽ ትራስሽ ላይ ነው።›»

«ጫማዬስ?» አለች፣ ካሜራውን ቀጥ ብላ እያየች።

ይቺኛዋ ቆየች። እስከ ደጃፍ ሄዶ መመለሱ መሰለኝ። «‹የለም›» አልኩ፣ አንብቤ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ይኼን ስትጠይቅ አልጮኸችም። ራሽዳን አያውቅም። እናቱ ከወጣች ጀምሮ ስንቴ ገብቶ እንደወጣ፣ ስንቴ በባዶው ቦታ ላይ እንደተራመደ፣ ስንቴ ነጥቧን አይቶ እፎይ እንዳለ፣ አያውቅም። በመጨረሻ አንዲት መስመር መጣች። ስልኩን ጠጋ አደረግኩላት። እሷው ጎንበስ ብላ ከስልኩ ላይ አነበበችው።

«‹እማዬ፣ ቤት ያለሽ መስሎኝ ነበር።›»

ቀና አለች። ዐይኗ ረጥቧል፣ አገጯ ግን አልወረደም።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለችው። «እኔም ቤትህ ስገባ፣ አንተ ቤት ያለህ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ አረንጓዴውን ጨርቅ አንስታ ከፊት ለፊቷ ዘረጋችው፣ ስፒሏን ሻሿ ላይ ጠበቅ አድርጋ ሰካች፣ «እና ይቺን ማነች የፈለገቻት?» አለች። «ተናገሪ እንጂ! በሚቀጥለው ሳምንት መደቤ ክፍት ነው!»